እሙዬ በጠርሙስ ላይ

ጋምቤላ፣ ሚያዝያ ፲፬ ቀን ፲፱፻፹፱ ዓ.ም.

ከእኔ አፍንጫዬን ብቻ ወስዳ የቀረውን ሁሉ ከአያቷ ለወረሰችው ለልጅ ልጄ ለመቅደላዊት፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ወዲህ ነገሩ ወደ ሰውነቴም ተዛምቶ፣ የግራ ጉልበቴ ራሴን ችዬ ልተዳደር የሚል ጥያቄ አቅርቧል። ኮሚቴ አቋቁሜለታለሁ። ሌላው አካሌ እስካሁን ከእኔ ጋር ነው።

ሙቀቱ ያው የምታውቂው ነው። ባሮ ቀንሶ ከድልድዩ ሥር ድንጋዮቹ ወጥተዋል። በአቦቦ በኩል ግን ሰማዩ ማጉረምረም ጀምሯል፤ ዘንድሮ ዝናቡ የሚቸኩል ይመስላል።

ደብዳቤሽንም መነጽሩንም ከጭነት መኪናው ሾፌር እጅ ተቀብያለሁ። መነጽሩ ግሩም ነው። ሙስጠፋ ምን ያህል እንዳረጀ አሁን ገና ታየኝ። ሙስጠፋን መቼም አትረሺውም፤ አጥር የምንጋራው ባለ ሱቅ፣ ከረሜላ እየሰጠሽ «ለአያትሽ እንዳትነግሪ» ይልሽ የነበረው። ይህንኑ ብነግረው «ጋሽ ያዕቆብ፣ መነጽሩን ወደ መስታወት አዙረው እስቲ» አለኝ። አላዞርኩም።

የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። «አባባ፣ የእሙዬን ፎቶ በሾፌሩ ላክልኝ፤ በአዲሱ ጠርሙስ ላይ እሷ ራሷ ትታይ» ብለሻል። ያለን የአያትሽ ፎቶ አንድ ብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ሌላ ተነስታ አታውቅም። መልሴን እሰጥሻለሁ፤ አስቀድሜ ግን በዚህ ሳምንት የሆነውን ልንገርሽ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ቆሞ የሚነበብ አይደለም።

ጠርሙሶችሽ መጀመሪያ እዚህ የደረሱ ዕለት የሆንኩትን አልነገርኩሽም። ባለ ግሮሰሪው ዘገየ ካርቶኑን ፈትቶ አንዱን ብድግ ሲያደርግ፣ «የእሙዬ ጓዳ፤ የማር ወይን» ይላል። ከሥሩ ደግሞ በትንንሽ ፊደል «ከትልልቅ ፋብሪካዎች ርቆ፣ ከአያት ለልጅ ልጅ በተላለፈ ሙያ፣ በቤተሰብ እጅ የተጣለ»። ዓይኔ ረጠበ። ላብ ነው አልኳቸው። ጋምቤላ ለእንዲህ ያለው ነገር የምትመች አገር ናት።

ከዚያ ወዲያ ጦርነት ከፈትኩልሽ። በዘገየ መደርደሪያ ላይ ሁለት ጠላቶች ነበሩሽ። አንዱ «ወርቅ ቀፎ»፣ ሌላው መነኩሴ የተሳለበት «ገዳም ሥር»። ጠዋት ጠዋት ግሮሰሪው በር ላይ ካለው ማንጎ ሥር እቀመጣለሁ። አንድ ሰው ወርቅ ቀፎ ካዘዘ ዝም ብዬ አጠገቡ ሄጄ እጁን እይዝና ሰዓቴን እያየሁ የደም ምቱን እቆጥራለሁ።

«ምነው ዶክተር?» ይለኛል።

«ምንም አይደል፣ ጠጣ። ቤተሰብ አለህ?» እለዋለሁ።

አገሬው ሁሉ ዶክተር እንደሚለኝ ታውቂያለሽ። በድሬሰርነት ቁስል ሳጥብ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰውዬ መሆኔን ቢያውቁም የደም ምታቸውን ስይዝ ይደነግጣሉ። እንዲህ እያልኩ ወርቅ ቀፎን ከከተማው አባረርኩት ማለት ይቻላል። አቦቦ ያሉት ሰፋሪዎች ለሠርጋቸው ያንቺን ገዙ። ከክልሉ ቢሮዎችም አንዱ ለእንግዶቹ ያንቺን አዘዘ፤ ኃላፊው ቾል «ዶክተር፣ ይሄ የኩባንያ ነው የሰው?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ «የሰው ነው፤ ለዚያውም የእኔ ሰው» አልኩት። በነጋታው መኪና ልኮ አስጫነ።

ባለፈው ሰኞ ከሰዓት ሙስጠፋ በአጥሩ ላይ ጠራኝ።

«ጋሽ ያዕቆብ፣ እኔ እንደምታውቀው ያንን ነገር በአፌ አላዞርም። ዓይን ግን ሰጥቶኛል።»

«ምን አየህ?»

«ያንተ ሾፌር ከዘገየ ቤት ባዶ ጠርሙስ እየሰበሰበ ነው። የእሙዬንም፣ የወርቅ ቀፎንም፣ የመነኩሴውንም።»

«ታዲያ ባዶ አይሰበስብ?»

«ይሰብስብ እንጂ። ግን ጠላቶች ከሆኑ ሬሳቸውን ለምን በአንድ ሣጥን ይጭናል?»

ሄድኩ። እውነቱን ነበር። ሾፌሩ ሦስቱንም እያቀላቀለ በአንድ ሣጥን ይደረድራል። ቀረብ ብዬ በአዲሱ መነጽሬ አየሁ። ጠርሙሱ አንድ ነው። አንገቱም፣ ታቹም፣ ከታች ያለችው ቁጥርም አንድ ናት። ወረቀቱ በላብ የተላጠውን አንዱን አንስቼ ማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

«ልጄ፣ የጠላትን ጠርሙስ የት ልትወስደው ነው?» አልኩት።

«የምን ጠላት አባባ?»

«ወርቅ ቀፎ።»

ሳቀ። ጥሩ ልጅ ነው፣ አትቆጪው። «ከማን ጋር ነው የሚጣሉት? ወርቅ ቀፎም የእኛ ነው፤ ገዳም ሥርም የእኛ ነው፤ እሙዬም የእኛ ናት።»

«እሙዬ የማን ናት?»

«የእኛ። የኩባንያው።»

«እሙዬማ የእኔ ናት» አልኩት። ይህንንም ቀልድ መስሎት ሳቀ። መቅደላዊት፣ ዕድሜ ልኬን ሰው ያሳቅኩት ቀልጄ ነው። ሳልቀልድ ሲሳቅብኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ሁሉን ነገረኝ። የማላውቅ አልመሰለውም። አዲስ አበባ ውስጥ ሱፐርማርኬት የሚባለው ቤት ሦስታችሁንም ጎን ለጎን እንደሚደረድራችሁ፣ ገዢው አንዱን አንስቶ፣ ሌላውን መልሶ፣ ከፋብሪካው ይልቅ የቤተሰቡ ይሻላል ብሎ አንቺን ሲመርጥ ያው አንዱ ኩባንያ እንደሚጠቀም ነገረኝ። መነኩሴ የሚባል እንኳ በግቢው እንደሌለ ነገረኝ። ሦስት ሰው ቆሞ የሚከራከር መስሎኝ ነበር፤ ለካ አንዱ ሰው ነው ድምፁን እየቀያየረ የሚያወራው።

«የእሙዬንም የምንሞላው ከዓምና ጀምሮ በእኛ ጋን ነው» አለኝ። «መቅደላዊት ቀድሞ ጠርሙስ ከእኛ ነበር የምትወስደው። ጠርሙስ የለም ተባለች። ቀጥሎ ሱፐርማርኬቶቹ መደርደሪያ የለም አሏት። ከተስማማች በኋላ ጠርሙሱም መደርደሪያውም ተገኘ። አሁንማ ቢሮ ተሰጥቷታል፤ እንግዳ ሲመጣ የምታስጎበኘው እሷ ናት።» ከዚያ ፊቴን አየና፣ «እርስዎ አያቷ አይደሉ? አልነገረችዎትም?» አለኝ። መልስ ሳይጠብቅ ገመድ ወደ ማጥበቁ ዞረ።

እንዴት አድርገው እንዳስጨነቁሽ ይገባኛል። ብቻሽን ነበርሽ። ብትጽፊልኝ ምን እረዳሽ ነበር? ምናልባት የኩባንያውን ሥራ አስኪያጅ የደም ምት እቆጥርለት ነበር። ቢሆንም ብትጽፊልኝ ይሻል ነበር።

ቀጥሎ ያደረግኩትን ስነግርሽ እንዳትስቂ። ወደ ግሮሰሪው ገባሁና ዘገየን አንድ ጠርሙስ ክፈትልኝ አልኩት።

«ዶክተር፣ ሐኪሙ ከልክሎህ የለም?»

«ከልክሎኛል። ክፈት።»

አዲሱ ሐኪም ጉበቴን ተጫኖ ጠብታ እንዳትነካ ካለኝ ወዲህ ምንም ቀምሼ አላውቅም። ያንቺንም ጭምር። አየሽ የሠራሁትን? አያትሽ እዚያ ወንዙ ዳር ጠጅ ስትሸጥ ኖራለች። አንድም ቀን ለእንግዳ ብርሌ አቅርባ፣ አስቀድማ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ሳትቀምስ የሰጠችበትን ጊዜ አላስታውስም። ለወታደርም፣ ለአስተዳዳሪም፣ ከባሮ ማዶ ለመጣ ለማታውቀው ሰውም። «የቀመስኩትን ነው የማጠጣ» ትል ነበር። እኔ ባሏ ደግሞ ያልቀመስኩትን ይዤ ከጋምቤላ እስከ አቦቦ ስምል ከረምኩ።

በመዳፌ ጠብ አደረግኩና ቀመስኩ። ስኳር ነው ልጄ። የተቃጠለ ስኳር፣ የጌሾ ሽታ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ቅመም ነገር። ማር እንዳላየው ምላሴ ወዲያው ነገረኝ፤ ምላሴ ገና ከእኔ ጋር ነው።

ግሮሰሪው ውስጥ የነበሩት ሁሉ ያዩኝ ነበር። በየተራ የደም ምታቸውን የያዝኩባቸው ሰዎች ናቸው። አንዱ ከጥግ፣ «ዶክተር፣ ዛሬ የእኛን ተወውና የራስህን ቁጠር!» አለ። ተሳቀ። እኔም ሳቅኩ። የሚገባኝ ነው። ዘገየ ብቻ አልሳቀም፤ ጠርሙሱን ከፊቴ አንስቶ ጠረጴዛውን ደጋግሞ ወለወለው።

በዚህ ቢያበቃ የእኔ ውርደት ነው፤ ሳምንት ተስቆብኝ ያልፋል። የሚያስጨንቀኝ የኛታንግ ነገር ነው።

ኛታንግን ታውቂያታለሽ። እናቷ ከአቦቦ በስተጀርባ ካለው ጫካ ለእሙዬ ማር ታመጣ ነበር፤ እናቷ ስትሞት እሷ ቀጠለች። ወንድሞቿ ዛፍ ላይ ቀፎ ይሰቅላሉ። አንቺ ሥራውን ስትጀምሪ እዚህ ግቢዬ ውስጥ መሬት ላይ አብረሻት ተቀምጠሽ፣ «ኛታንግ፣ ከአንቺ ሌላ ከማንም ማር አልወስድም» ያልሻትን እኔ ሰምቻለሁ። ቃልሽን፣ ማር በጣቷ ነክታ እንደምትቀምሰው ቀምሳ ነው የተቀበለችሽ። ያን ጊዜ ፒካፕ ይዘሽ ራስሽ ነበር የመጣሽው። ዓምና «ሥራ በዝቶብኛል፣ ሌላ ሰው ይመጣል» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ማንም አልመጣምና ማሩን ሳትወድ ለሌላ ሰጠችው። «ዘንድሮማ ትመጣለች» ያልኳት እኔ ነኝ። ከማታር ከተማ የሚመጡት ነጋዴዎች ማሯን ሲጠይቋት «አትስጪያቸው፣ የልጄ መኪና ይመጣል» ያልኳትም እኔው ነኝ። እሷም እምቢ አለቻቸው። የወንድሞቿ ማር ሁሉ አሁን እኔ ቤት ነው። ንቦች በመስኮት እየገቡ ንብረታቸውን ይጎበኛሉ።

ትናንት ጠዋት መጣች። ማንጎው ሥር ተቀመጠች።

«ዶክተር፣ መኪና መጣ አይደል?»

«መጣ።»

«ማሩን ለምን አልጫነም?»

መቅደላዊት፣ ያን ጊዜ አንቺን ማሳጣት አቃተኝ። «መንገዱ ተበላሽቷል፤ ከባድ ዕቃ አንጭንም ብለው ነው» አልኳት።

«መኪና በምን መጣ? በአውሮፕላን?»

እኔን በነገር የሚረታኝ ሰው እምብዛም የለም፤ እሷ ግን ረታችኝ። ሌላ ውሸት ስፈልግ፣ «እኔ መኪናውን አይቼዋለሁ» አለች። «ጠርሙስ ጭኗል። ብዙ ጠርሙስ። ጠርሙስ ከባድ ነው።»

ነገርኳት። ሁሉንም፣ ሾፌሩ እንደነገረኝ። ልጄ ሥራውን ለትልቅ ኩባንያ ሰጥታለች፤ ስሙ የእሙዬ ነው፣ ውስጡ ግን የእሙዬ አይደለም፤ ማር አይገዙም፤ ማሩን እንድታቆዪ ያደረግኩሽ ሳላውቅ ነው አልኳት። በእጇ መሬቱን ታስተካክላለች፣ መልሳ ታበላሻለች።

በኋላ፣ ሴቱንም ወንዱንም «እሱ» በሚለው በምታውቂው አማርኛዋ፣ «እሙዬ የሞተ ጊዜ ዘግይቼ ነው የሰማሁት» አለች። «ስመጣ ተቀብሮ ነበር። አሁንም ሞተ፤ አሁንም ዘግይቼ ሰማሁ።»

ምን ልበላት? አንቺ የተማርሽው ንገሪኝ።

«ማሩን ለማታር ነጋዴዎች ስጪ፤ ከዝናቡ በፊት አንድ ጊዜ ያልፋሉ፤ እኔ ራሴ ሄጄ አናግራቸዋለሁ» አልኳት። እምቢ አለች። ገባሽ? ማሩ በዚህ ሙቀት እየፈላ፣ ዝናቡ እየመጣ፣ መንገዱ ሊዘጋ፣ እምቢ አለች። «ቃል የሰጠኝ ያንተ ልጅ ነው፤ አንተ አይደለህም። እሱ ይምጣ። አልወስድም ብሎ በአፉ ይንገረኝ። ከዚያ እሸጣለሁ» አለች። ተነስታ ሄደች። ለወትሮው ስትሄድ የምትጨብጠኝን እጅ ትናንት አልሰጠችኝም።

ወንድሞቿ ገና አልሰሙም። ዘመኑን ታውቂዋለሽ፤ ማን ከየት መጣ፣ ማን የማንን በላ የሚለው ወሬ በከተማው ውስጥ አፍ አፍ ላይ ነው። እኔ ከደጋ የመጣሁ ሰው ነኝ። ይህን ያህል ዘመን ቁስላቸውን ስጠርግ ኖሬ አንድም ቀን መጤ ያለኝ አልነበረም። ኛታንግም አላለችኝም። ብትለኝ ኖሮ ግን ትናንት መልስ አልነበረኝም።

አሁን ወደ ፎቶው።

ጎሬ ከተማ የተነሳችውን ነው የምትጠይቂኝ። ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከንፈሯን ጥብቅ አድርጋ፣ ቆጣ ያለች መስላ የምትታይበት። የኩባንያው ሰዎች ቢያዩት ይወዱታል፤ ቁም ነገረኛ ባልቴት፣ የሙያ እናት ይመስላል። ለምን እንደዚያ እንደሆነች ግን አያውቁም፤ አንቺም አታውቂም። ፎቶ አንሺው «አትንቀሳቀሱ» ብሎ ጨርቁ ውስጥ ጭንቅላቱን ሲከት፣ እኔ ከኋላው ሆኜ ስለ መቀመጫው አንድ ነገር በሹክሹክታ ነገርኳት። ምን እንዳልኳት ለልጅ ልጅ አይጻፍም። ሳቋን ለማፈን ነው ከንፈሯን የነከሰችው። ከፎቶ ቤቱ ወጥተን እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ከዚያ በጃንጥላ መታችኝ። በዚያ ወረቀት ላይ ያለችው ይህችው ናት፤ ልትስቅ አንድ ትንፋሽ የቀራት ሚስቴ።

ስሟን ስትወስጂ አልጠየቅሽኝም፤ ብትጠይቂኝም እሰጥሽ ነበር። የልጅ ልጇ ነሽ፤ ስሟ ይገባሻል። ለሌላ ማስተላለፍሽን ከሾፌር ሰማሁ፤ ይሁን፣ የሆነው ሆኗል። ፊቷን ግን አልልክም። ባልቀመሰችው ነገር ላይ ቆማ፣ በማታውቀው ሱፐርማርኬት፣ የማታውቀውን ሰው «እመነኝ» እንድትል አላደርጋትም። ኩባንያው ሽማግሌ ፊት ካስፈለገው የእኔን ይውሰድ። ጥርስ የለኝም፣ ጆሮዬ ትልቅ ነው፣ ለማስጠንቀቂያም ያገለግላል።

ስለዚህ ኛታንግ ፊት የምትቆሚው አንቺ ነሽ፤ ፎቶግራፍ አይደለም። ነይ። ማሩን ግዢ አልልሽም፤ መግዛት ያንቺ ሥልጣን እንዳልሆነ ገብቶኛል። መጥተሽ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጪና «አልቻልኩም» በያት። አንዲት ቃል ናት። ከዚያ ማሯን ታነሳለች፤ ነጋዴዎቹ ሳያልፉ ትደርስባቸዋለች። ብትቆጣሽ ተቆጥታሽ ይውጣላት። ብትመጪ እኔም ልቆጣሽ አስቤያለሁ፤ ተዘጋጅቼበታለሁ፤ ስትገቢ ግን እንደምረሳው አውቃለሁ።

ሾፌሩ ኢታንግ ከተማ ያለውን ሥራውን ጨርሶ ተመልሶ በር ላይ ቆሟል። ሞተሩን አላጠፋም። «አባባ፣ ፎቶውን ሳልይዝ እንዳልመጣ ተብያለሁ» እያለ ነው። ይህን ደብዳቤ አሽጌ እሰጠዋለሁ። ፖስታውን ሲዳስሰው ፎቶ የሌለበት መሆኑን ያውቃል፤ ምናልባት ይቆጡታል። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ንገሪልኝ።

እግዚአብሔር ከማያውቁሽ ሰዎች ሙገሳ ይሰውርሽ። ቢሮሽ ውስጥ ብቻሽን ስትሆኚ የሚያሳፍርሽ ነገር አያብዛብሽ። ዝናቡን ለጥቂት ጊዜ ይያዝልን፣ መንገዱን ያቆይልሽ።

አያትሽ
ያዕቆብ፣ ዲግሪ የሌለው ዶክተር

ማስታወሻ፦ ማሩ የተቀመጠው ያንቺ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሌላ ቀዝቃዛ ቦታ አጣሁለት። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሙስጠፋ አግዞኝ አልጋሽን ወደ ሳሎን አውጥተን ዘርግተነዋል።